«ልታጠኑን ነው የመጣችሁት?»፦ ከግልገል ጊቤ ዓሣ አስጋሪዎች ጋር መሥራትን እንዴት እንደተማርኩ

የመጀመሪያ ቀን ወደ ግድቡ ስወርድ ሃያ ደብተርና ሃያ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ደብተሮቹን ራሴ በማስመሪያ አስምሬያቸዋለሁ። ቀን፣ የመረብ ብዛት፣ የዓሣ ዓይነት፣ ክብደት። ለአስጋሪዎቹ አድዬ በየወሩ እየመጣሁ ልሰበስብ ነበር ያሰብኩት። ከወር በኋላ ስመለስ አብዛኞቹ ተሞልተው ጠበቁኝ። ደስ አለኝ። ማታ ጅማ ገብቼ አንድ በአንድ ስገልጣቸው ግን ክው አልኩ። የሦስቱ ቁጥር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። የአንዱ ደግሞ የሠላሳ ቀኑ መዝገብ በሙሉ በአንድ ምሽት እንደተጻፈ ያስታውቃል።

ለጥቂት ሳምንታት በሰዎቹ አዘንኩ። ቆይቶ ግን ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገባኝ። ጥያቄው የኔ ነው። ደብተሩ የኔ ነው። መልሱም ወደኔ ነው የሚሄደው። እነሱ እዚህ ውስጥ የት አሉ?

ይህን የምጽፈው እንደኔ ባዶ ደብተር ይዛችሁ ለምትጀምሩ ነው። ተማሪም ሁኑ፣ የወረዳ ዓሣ ሀብት ባለሙያም ሁኑ፣ የድርጅት ሠራተኛም ሁኑ፣ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እናንተ አታባክኑት።

ቦታውን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። ግልገል ጊቤ አንድን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ሰው ሠራሹ ሐይቅ የቀርሳን፣ የኦሞ ናዳን፣ የጢሮ አፈታንና የሰኮሩን ወረዳዎች ያዋስናል። ውኃው ከመተኛቱ በፊት ቦታው እርሻና ግጦሽ ነበር። የአካባቢው ሰው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። የዓሣ ሥራ የመጣው ከግድቡ ጋር ነው።

ይሄ ለሥራዬ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ስለ አስጋሪዎች ዕውቀት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰው ነው። የዚህ አገር አያቶች ግን ያወረሱት ሞፈርና ቀንበር እንጂ መረብ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ስለ ዓሣ ምን ያህል ያውቃሉ?» ብዬ አስቤያለሁ። ሐሳቤን ያፈረሱት ደረቅ ጭቃ ላይ ያየኋቸው ጉድጓዶች ናቸው።

በጋ ሲበረታ ውኃው ይሸሻል። ዳርቻው ላይ ሰፊ ጭቃ ይቀራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል። አንድ ቀን ከጠዋት አንድ ሸምገል ያሉ አስጋሪ «ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ ነይ ላሳይሽ» ብለው ወደዚያ ወሰዱኝ። መሬቱ ላይ እንደ ሰፌድ የከበቡ ጎድጓዳ ምልክቶች ተደርድረዋል። «ይሄ የቆሮሶ ዓሣ ቤት ነው» አሉኝ። «ወንዱ ነው የሚቆፍረው። ሴቷ ዕንቁላሏን እዚህ ትጥላለች። ከዚያ በአፏ ለቅማ ትሄዳለች።»

በምን አወቁ አልኳቸው።

«መረብ ውስጥ ገብታ ልጆቿን ከአፏ ስትተፋ ስንቴ አይቻለሁ።»

እኔ ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ፣ ከሥዕል ላይ ነው። ቆሮሶ በእርግጥም ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። እሳቸው ማንም ሳያስተምራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ደርሰውበታል። ከዚያ ደግሞ እኔ ያልተማርኩትን ጨመሩልኝ። ውኃው ቶሎ በሸሸበት ዓመት እነዚህ ጉድጓዶች ሥራ ላይ እያሉ ይደርቃሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትንንሹ ቆሮሶ ይሳሳል አሉ። የግድቡን የውኃ ከፍታና የዓሣውን ብዛት በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኙት። እኔ ይዤው በሄድኩት ደብተር ላይ የውኃ ከፍታ የሚል ዓምድ አልነበረም።

የአስጋሪ ዕውቀት በዕድሜው አይለካም። ዋናው በየቀኑ ውኃው ላይ መዋሉ ነው።

ቀጥሎ የገባኝ የቋንቋ ነገር ነው። ስብሰባ ጠርቼ «ስለ ዓሣ ጥበቃ ጥናት ልንሠራ ነው» እል ነበር። ሰዉ ዝም ይላል። ቆይቶ አንድ ወጣት በግልጽ ነገረኝ። ጥበቃ ሲባል እነሱ የሚሰሙት ዘበኛ ነው። ጠመንጃ ይዞ ዳር ላይ ቆሞ መረብ የሚቀማ ሰው። ጥናት ደግሞ ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚያደርገው ነው። በሰው አፍ «ልታጠኑን ነው የመጣችሁት?» ማለት «ምን ልትወስዱብን ነው?» ማለት ነበር። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ኩኑንሳ የሚለውን ቃል መጠቀም ጀመርን። መንከባከብ፣ መንከባከብ ብቻ። ስለ ጥናት ስናወራም «አብረን እንቁጠር» እንላለን። ቃል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የምትጠቀሙበት ቃል በዚያ መንደር ምን ተብሎ እንደሚሰማ አንድ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ጥርጣሬያቸው ደግሞ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ከኔ በፊት የመጡ፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ለአስጋሪዎቹ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት አልብሰው ፎቶ አነሱ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቀው ይዘውት ሄዱ። አስጋሪዎቹ በእንጨት ታንኳ ሌሊት ውኃ ላይ የሚያድሩ ናቸው። ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። ያንን ቀን ዛሬም ያነሱታል። እኔም ስሰማው በጣም ነው ያመመኝ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። ደብተር ሳልይዝ ሄድኩ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው የተሰበሰብነው፣ በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ ታንኳቸውን አስረው ነፃ ስለሚሆኑ። ቡና ተፈላ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። «ስለዚህ ውኃ የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው?»

እኔ የምጠብቀው ስለ ገበያ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ይፈለጋል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ይረክሳል፣ እሱን ያነሳሉ ብዬ። አንስተውታልም። በብዛት የተነሳው ግን ሌላ ነው። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ መጠኑ እያነሰ ነው አሉ። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ በዝቷል አሉ። ክረምት ሲገባ ቢልጫው ወደ ወንዝ መግቢያው ይሰበሰባል፣ ሁሉም እዚያው መረቡን ይዘረጋል፣ «ወላዷን እየበላን ነው» አሉ።

ይሄኔ ስለ ጣና ነገርኳቸው። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ በክረምት ወደ ወንዞች አፍ የሚሰበሰበው የቢልጫ ዘር ክፉኛ ተጎድቷል። እነሱ ያዩትን ሌሎችም አይተውታል። ይህን ሲሰሙ የብዙዎቹ ፊት ተለወጠ። ብቻችንን አይደለንም የሚል ዓይነት ነው።

የኒውፋውንድላንድን ታሪክም ነገርኳቸው። ካናዳ ውስጥ ያለ ትልቅ ደሴት ነው። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ኮድ በሚባል የባሕር ዓሣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያስግሩት ሰዎች «ዓሣው እያነሰ፣ እየሳሳም ነው» እያሉ ጮኹ። ተመራማሪዎቹ ግን በአብዛኛው የሚያምኑት ከጥልቁ ባሕር ትልልቅ መርከቦች የሚመጣውን ቁጥር ነበር። መርከቦቹ ደግሞ የቀረው ዓሣ የታጎረበትን ቦታ በመሣሪያ ፈልገው ስለሚያገኙ ቁጥራቸው ቶሎ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 መንግሥት ማስገሩን ሙሉ በሙሉ አገደ። ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው ሥራ አጣ።

ተርጉሜ ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ «ታዲያ እነዚያን ባለ ትንሽ ጀልባዎች በኋላ ይቅርታ ጠየቋቸው?» አለ። ያንን ጥያቄ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ባሕር የሌለን አገር ብንሆንም የባሕር ዓሣ አስጋሪ ታሪክ ለጊቤ ሰው ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄዎቹን አብረን አወጣን። ቢልጫው መቼ ነው ዕንቁላል የሚይዘው? የት? በየትኛው መረብ ነው ያልደረሰው የሚያዘው? እኔ ሴንቲ ሜትር ስል እነሱ በጣት ነው የሚለኩት። ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ አራት ጣት። ተከራክረን ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግነው። አንድ አናጢ ጣውላ ሠራልን፣ ዓሣው ተጋድሞ የሚለካበት። በቁጥር ፋንታ ቀለም ቀባነው። ቀይ ያልደረሰ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ትልቅ። ማንበብ የማይችል ሰውም ቀዩ ላይ ስንት፣ አረንጓዴው ላይ ስንት ብሎ ጠጠር ይጥላል። የተሞላ ደብተር መጠበቄን ተውኩት። መረጃው እየቀነሰ መጣ፣ ግን እውነተኛ ሆነ። ከሃያ የውሸት ደብተር አንድ የጠጠር ጣሳ ይሻለኛል።

በጣም ያስገረመኝ ግን የመጣው ካላሰብኩት ወገን ነው። ስብሰባው ላይ የነበሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ዓሣውን ዳር ላይ የሚበልቱት፣ ፊሌቶ አውጥተው ለነጋዴ የሚያስረክቡት ውስጥ ግን ሴቶችም ነበሩ። አንድ ቀን ሥራ ሳላስፈታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አወራን። ሆዱን በየቀኑ የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። የቢልጫ ዕንቁላል መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚላላ፣ መቼ ባዶ ሆኖ እንደሚገኝ በወር ነገሩኝ። ያልደረሰ፣ የደረሰ፣ ያፈሰሰ ብለው በሦስት ይለዩታል። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ በብዙ ደረጃ የምንከፋፍለውን ማለት ነው። የነሱን ከኔ ጋር ሳስተያየው ገጠመ። ክረምት መግቢያ ላይ ነው ያሉት፣ ክረምት መግቢያ ላይ ነው ያገኘሁት። ልዩነቱ እኔ ለማወቅ አንድ ሙሉ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ፋኦ እንደሚለው በዓለም ላይ በአነስተኛ የዓሣ ሥራ ከተሰማሩት ከአሥሩ አራቱ ሴቶች ናቸው። ስብሰባ ስትጠሩ ታንኳ ያለውን ብቻ ከጠራችሁ ግማሹ ዕውቀት ደጅ ቀረ ማለት ነው። ሴቶቹን ደግሞ ለብቻ፣ በሚመቻቸው ሰዓት አግኟቸው። ወንዶቹ ባሉበት ብዙም አይናገሩም ነበር።

ውጤቱን መልሶ ማምጣት ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ወድቄያለሁ። ግራፍ አሳትሜ ይዤ ሄጄ ሰዉ በአክብሮት አይቶ ዝም አለ። በሚቀጥለው ጊዜ በቆሎ ይዤ ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ በየወሩ የተለኩትን ቢልጫዎች በፍሬ ደረደርን፣ ያልደረሰው በአንድ በኩል፣ የደረሰው በሌላ በኩል። የሰኔና የሐምሌ ክምር ላይ ሲደርሱ ጭቅጭቅ ተነሳ። «ይሄ የኔ ጣሳ ነው»፣ «አይ፣ የወንዙ አፍ ነው»፣ «እዚያ ያላስገረ ማን አለ?»። ያ ጭቅጭቅ ለኔ ከማንኛውም የምርምር ጉባኤ በላይ ነበር። መረጃው የነሱ ሆነ።

ያን ዕለት ነው ስለ ማዳጋስካሯ አንዳቫዶአካ የነገርኳቸው። የባሕር ዳር መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 መንደርተኛው ኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) ከሚያጠምድበት የኮራል ዳርቻ የተወሰነውን ለሰባት ወር ያህል ዘጋ። ሲከፍቱት የሚይዙት ኦክቶፐስ ከብዶ ተገኘ። ጎረቤት መንደሮች ይህን አይተው ተከተሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢውን በጋራ የሚያስተዳድሩበት ቬሎንድሪያኬ የሚባል ነገር አቋቋሙ። በነሱ ቋንቋ ከባሕር ጋር መኖር ማለት ነው። ሲነገር የኛ ሰዎች ወዲያው የያዙት አንድ ነገር ነው፦ ሁሉንም አልዘጉም፣ ለዘላለምም አልዘጉም። እኔ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ። ኦክቶፐስ ቶሎ ያድጋል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ቢልጫ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በሰባት ወር ተአምር አትጠብቁ አልኳቸው።

በስተመጨረሻ ራሳቸው ወሰኑ። አንድ የወንዝ መግቢያ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መረብ እንዳይዘረጋበት። ድንበሩን በቢጫ ጄሪካን ምልክት አደረጉ። ደንቡን ሽማግሌዎች ባሉበት ነው ያጸደቁት። አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት። ሌሊት ውኃው ላይ ያለው ግን አዋጁ አይደለም፣ አስጋሪው ነው። ስለዚህ ደንቡን ያወጣውም እሱ መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ጄሪካኖቹ አንድ ጠዋት ተቆርጠው ተገኙ። ከማዶ ያሉ ልጆች ሌሊት መጥተው አስግረዋል። የኛዎቹ ተናደዱ፣ አንዳንዶቹ «እኛ ለማን ነው የምንቆጥበው?» ብለው መረባቸውን ይዘው ተነሱ። ዱላ ሊነሳ ምንም አልቀረውም ነበር። ሽማግሌዎች ማዶ ተሻግረው ሲጠይቁ የተመለሰላቸው መልስ ቀላል ነው። «ስትስማሙ ማን ጠራን?»

እውነታቸውን ነው። ሐይቁ አራት ወረዳ ይነካል፣ እኔ ደግሞ የሠራሁት መኪና በቀላሉ በሚደርስበት ዳርቻ ብቻ ነበር። ዓሣው የወረዳ ድንበር አያውቅም፣ ይህን ክፍል ውስጥ ስንቴ ተምሬዋለሁ። ከማዶዎቹ ጋር ለመስማማት ሌላ አንድ ዓመት ፈጀ። ከመጀመሪያው ቀን ጠርቻቸው ቢሆን ኖሮ ያ ዓመት አይባክንም ነበር። እናንተ ስትጀምሩ ቅድሚያ ካርታ ዘርግታችሁ «ይህን ውኃ ሌላ ማን ይነካዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ የሌለበትን ዳርቻ ደግሞ አስቀድማችሁ ሂዱበት።

ስለ ካርታ ካነሳሁ፣ አንድ ነገር አደራ። በጽሑፌ ረቂቅ ላይ ዋና ዋና የማስገሪያ ቦታዎችን በጂፒኤስ አስቀምጬ ነበር። ከማሳተሜ በፊት አሳየኋቸው። «ይሄ ከወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ቦታ በመኪና ይመጡብናል» አሉኝ። አወጣሁት። ጽሑፉ ምንም አልጎደለበትም። ለእናንተ ነጥብ የሆነው ለነሱ እንጀራ ነው።

ገንዘብም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በሞሉት ቅጽ ልክ አትክፈሉ፣ ያኔ የሚሞላው ቅጽ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ከእናንተ ጋር ከዋለ ግን የቀን ገቢውን ክፈሉት፣ ሁሉም እያየ፣ እኩል። ለኔ መክፈል የሚከብደኝ ጊዜ ነበር፣ ያኔ የቀን ብዛቱን ቀነስኩ እንጂ ሰው በነፃ አላዋልኩም። የማትችሉትን ቃል አትግቡ። «ጀልባ ይመጣል ወይ?» ሲሉ «ከኔ አይመጣም» ማለት መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያመኑኝ በዚያ ምክንያት እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ።

ቢልጫው ተመለሰ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያለፉት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ጥሩ ስለነበሩ ሁሉንም ለመዝጋታችን አልሰጠውም። ጣሳው ውስጥ ግን አረንጓዴው ጠጠር ጨምሯል። ከኔ በላይ የተደሰቱት የሚበልቱት ሴቶች ናቸው፣ ትልቅ ዓሣ ፊሌቶው ይወጣለታል።

ባለፈው ወር ስሄድ ጣሳውን የምትቆጥረው የአንዱ አስጋሪ ልጅ ነበረች፣ ስምንተኛ ክፍል። ጠጠሩን ቆጥራ ስትጨርስ አባቷ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለኝ። በጋ ላይ ከምሥራቁ ጉብታ ሥር የሚያዘው አምባዛ የጭቃ ጣዕም አለው፣ ነጋዴው አይወስድልኝም፣ ከየት ነው የሚመጣው? ልጅቷ ደብተሯን ገለጠችና ጥያቄውን ራሷ ጻፈችው። ከጎኑ የውኃ ከፍታ የሚል ዓምድ አሰመረች። ጥቅምት ላይ እንጀምራለን።